የታሸገ የሳንቲም ጥቅል ከመግዛትዎ በፊት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ሳንቲም የምንሰበስብ ሰዎች ብዙ አይደለንም። እርስ በርስ እንተዋወቃለን፤ አንዱ አዲስ ነገር ሲያገኝ ሌላው ሳይሰማ አያድርም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አንድ ዓይነት ጥያቄ በዝቶብኛል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ዘመድ ያመጣውን፣ በቴሌግራም የተገዛውን፣ አለዚያም ቅዳሜ ገበያ የተገኘውን የታሸገ ጥቅል ይዘው "ይኼ ስንት ያወጣል? ልክፈተው ወይስ ልተወው?" የሚሉኝ ወዳጆች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የሚመጡት ገንዘቡን ከከፈሉ በኋላ ነው። ከመክፈል በፊት እንዲነበብ ብዬ መልሶቹን እዚህ አሰባስቤያለሁ።

የታሸገ ጥቅል ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ዓይነት ሳንቲም በቁጥር ተደርድሮ፣ በወረቀት ወይም በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሁለቱ ጫፎች ታጥፈው የተዘጋ ማለት ነው። የአሜሪካው ባለ አንድ ሳንቲም 50 ፍሬ፣ ባለ አምስቱ 40፣ ባለ ዐሥሩ 50፣ ሩብ ዶላሩ 40፣ ግማሽ ዶላሩ 20 ሆኖ ይጠቀለላል። ባለ አንድና ባለ ሁለት ዩሮ 25፣ 25 ፍሬ ነው። እኛ ዘንድ ጥቅል ሲባል ግን ብዙውን ጊዜ ባለሱቁ ወይም የታክሲ ረዳቱ ራሱ በፌስታል ቋጥሮ በጎማ ያሰረው ነው።

ታሽጎ የቆየ ከሆነ ማንም አልነካውም ማለት አይደለም?

አይደለም። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ማሸጊያው ወረቀት ባዶውን ይሸጣል። የጥንት ባንክ ስም የታተመበት፣ በዕድሜ ብዛት የወየበ ወረቀትም ይሸጣል። የወረቀቱን ጫፍ አጣጥፎ የሚዘጋው ትንሽ መሣሪያም ለፈለገው ሁሉ በገበያ ላይ ነው። እነዚህን የያዘ ሰው ዛሬ ጠዋት ከየቦታው የለቃቀማቸውን ሳንቲሞች ከሰዓት በኋላ "ከስድሳ ዓመት በፊት ከባንክ የወጣ" ሊያስመስላቸው ይችላል። ወረቀቱ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ ውስጡ ያለው ሳንቲም መጀመሪያ የገባበት ስለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ጤፍ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ያለውን ብቻ አይቶ አይከፍልም፤ እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ ከታች ይዘግናል። የታሸገ ጥቅል ማለት እጅ የማይገባበት ጆንያ ነው፤ ዋጋው የሚወደደውም እጅ ስለማይገባበት ነው። ሻጩ "አልተፈተሸም" ሲልዎ መጀመሪያ የሚሸጥልዎ ሰው ማን እንደሆነ ያስቡ። የብርቅ ሳንቲም ዋጋ አጥርቶ የሚያውቅ፣ ኑሮው ከሳንቲም ንግድ የሆነ ሰው፣ ውስጡ ብዙ ዋጋ ያለው ነገር ሊኖር የሚችልን ጥቅል ሳያይ በርካሽ የሚሰጥበት ምክንያት አላገኘሁለትም።

ጫፉ ላይ ግን አሮጌ ሳንቲም በዓይኔ አያለሁ። ይኼስ ማስረጃ አይሆንም?

እኔ የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የመጣ አንድ ጥቅል የአሜሪካ ባለ አንድ ሳንቲም አሳዩኝ። ወረቀቱ ቡናማ፣ ጠርዙ የተበላ። በአንደኛው ጫፍ ላባ የደፋ ራስ ያለበት ሳንቲም ይታያል። ይህ ዓይነቱ እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1909 የተመታ ነው (ስለ ውጭ ሳንቲም ስናገር ዓመቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። በሌላኛው ጫፍ ሁለት የስንዴ ዘለላ ያለበት ጀርባ ይታያል፤ እሱ ደግሞ ከ1909 እስከ 1958 የተመታው ነው። ልቤ ዘለለ። የስንዴው ዓይነት በ1909 በሳን ፍራንሲስኮ ሲመታ፣ የቀራፂው ስም ሦስት ፊደላት ከጀርባው ያለበት 484 ሺህ ብቻ ነው የወጣው፤ ሰብሳቢ ሁሉ የሚመኘው እሱን ነው። ከመሐል አንዱ ቢሆንስ ብዬ የአንድ ወር የቤት ኪራዬን ያህል ከፈልኩ።

ማታ ባለቤቴ ቡና ስታፈላ ትሪ ላይ ፈታሁት። ጫፉ ላይ የነበረው ላባ የደፋው ሳንቲም ፊቱ ተልጦ ያለቀ ነበር። የቀሩት 49ኙ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የተመቱ፣ በመቶ ሚሊዮኖች የወጡ፣ በእጅ ብዛት የደበዘዙ ሆነው ተገኙ። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ከሳምንት በኋላ የሆነው ነው። ከዚያው ሰው የገዛ ወዳጄ የራሱን ጥቅል ሲያመጣ፣ በአንዱ ጫፍ ላባ የደፋው ራስ፣ በሌላው ስንዴው። ልክ እንደኔው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። በ50 ፍሬ መካከል አንድ ብቻ አሮጌ ሳንቲም ቢኖርና ሳንቲሞቹ እንደ ነገሩ የተደረደሩ ቢሆኑ፣ አሮጌው ከሁለቱ ጫፎች በአንዱ ላይ የመገኘት ዕድሉ ከ50 ሁለት፣ ማለትም 4 በመቶ ነው። በሁለት ጥቅሎች ተከታትሎ የመገኘት ዕድሉ ደግሞ ከሺህ ሁለት እንኳ አይሞላም። አንድ ሻጭ አምስት ጥቅል ደርድሮ አምስቱም ጫፋቸው ላይ ብርቅ ሳንቲም ካሳዩ፣ ሰው እጅ ገብቶበታል ማለት ነው። ጫፉ ላይ የሚታየውን ሳንቲም ሻጩ የመረጠልዎ ናሙና አድርገው ይቁጠሩት፤ ለእሱም ለብቻው የሚያወጣውን ዋጋ ብቻ ይስጡ።

ሳይከፈት ውስጡን ማወቅ ይቻላል?

ሙሉ በሙሉ አይቻልም፤ ሚዛን ግን ብዙ ነገር ይናገራል። ለዚህ የወርቅ ቤት ሚዛን ያስፈልጋል። ከተማችን ውስጥ ወርቅ ቤት አይጠፋም፤ በትሕትና ከጠየቋቸው ይመዝኑልዎታል።

የዛሬው የአሜሪካ ሩብ ዶላር 5.67 ግራም ነው፤ 40 ፍሬው 226.8 ግራም ይሆናል። እስከ 1964 የተመታው ሩብ ዶላር ከመቶው 90 እጅ ብር ስለሆነ አንዱ 6.25 ግራም፣ ጥቅሉ 250 ግራም ይመዝናል። "የብር ሩብ ዶላር" ተብሎ የመጣ ጥቅል 230 ግራም ቢመዝን ነገሩ አለቀ፤ በእጅ የተዳሰሰ ሳንቲም ትንሽ ቢቀልም 20 ግራም አይቀልም። በባለ አንድ ሳንቲሙም ተመሳሳይ ነው። የመዳቡ 3.11 ግራም ስለሆነ 50ው 155.5 ይመጣል። ከ1982 ወዲህ ያለው ዚንክ መዳብ የተቀባ ስለሆነ 2.5 ግራም ነው፤ 50ው 125 ብቻ። የ1982ቱ ከሁለቱም ዓይነት አለው።

ሚዛን የሚያታልልበት ቦታም አለ። ከ1965 እስከ 1970 የተመታው ግማሽ ዶላር ከመቶው 40 እጅ ብር ሲሆን 11.5 ግራም ይመዝናል፤ ብር የሌለበት 11.34 ነው። በ20 ፍሬ ጥቅል ላይ ልዩነቱ 3.2 ግራም ብቻ ይሆናል። ወረቀቱ ራሱ ክብደት ስላለው በዚህ ልዩነት ተማምኖ ብር ነው ብሎ መግዛት አይገባም። ሳንቲሙን ቢያዩት ኖሮ በአንድ ዓይን ጥቅሻ ይለይ ነበር፤ ብር የሌለበት ጠርዙ ላይ የመዳብ መስመር ያሳያል። ጥቅል ደግሞ የሚሸፍነው ጠርዙን ነው።

ሚዛን ስለ ብረቱ እንጂ ስለ ዓመቱ፣ ስለ ንጽሕናው፣ ስለ ብርቅነቱ አንዳች አይልም።

ዘመዴ በቀጥታ ከባንክ ቢያመጣልኝስ?

ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይኼ ነው። እውነተኛ ግኝትም የሚመጣው ከዚህ ነው። በ2007 የወጣው የጆርጅ ዋሽንግተን ምስል ያለበት አንድ ዶላር ጠርዙ ላይ መጻፍ የነበረበት ጽሑፍ ሳይጻፍበት የቀረ ብዙ ፍሬ ተገኝቷል። በ2004 በዴንቨር የተመታው የዊስኮንሲን ሩብ ዶላር ደግሞ በቆሎው ላይ ትርፍ ቅጠል ያለበት ተገኝቷል። እነዚህን መጀመሪያ ያገኙ ሰዎች ከተጻፈበት ዋጋ በላይ አልከፈሉም። ሩብ ዶላሩን በሩብ ዶላር ገዝተው ነው ያገኙት።

አንድ ልዩነት ግን ልብ ይበሉ፤ ለእኛ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው እሱ ነው። አሜሪካ ያለ ሰብሳቢ ጥቅሉን ፈትቶ ምንም ቢያጣ ሳንቲሙን መልሶ ባንክ ያስገባዋል፤ ወይም ዳቦ ይገዛበታል። ከተጻፈበት ዋጋ በታች አይወርድበትም። ባሕር ዳር ላይ ያ መውደቂያ የለም። ባንኮች የውጭ ገንዘብ ሲመነዝሩ የሚቀበሉት የወረቀቱን ነው፤ የውጭ ሳንቲም ይዞ የሄደ ሰው ይዞት ይመለሳል። ስለዚህ የውጭ ሰብሳቢዎች "ቢያንስ የተጻፈበትን ያህል ያወጣል" ሲሉ የሚሰጡት ማጽናኛ ለእኛ አይሠራም። የእኛ ኪሳራ እስከ ባዶ ይወርዳል።

ሌላው፣ ዘመድ ላይ ሸክም መጫን ነው። አንድ ጥቅል ሩብ ዶላር ወደ 227 ግራም ነው፤ አራቱ ኪሎ ሊሞሉ ምንም አልቀራቸው። ከጥቅል ይልቅ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ፍሬ ቢለምኑ ለእርስዎም ለእነሱም ይቀላል።

ሳይከፈት ቢቀመጥ ዋጋው አይጨምርም?

ይህን ተስፋ አሜሪካኖች ራሳቸው በውድ ዋጋ ፈትነውታል። በ1950 በዴንቨር የተመታው ባለ አምስት ሳንቲም 2 ሚሊዮን 630 ሺህ ያህል ብቻ ነበር። ወሬው ሲሰማ ሰው ሁሉ ጥቅል ጥቅሉን እየገዛ ደበቀ። ሁለት ዶላር የተጻፈበት ጥቅል በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ተጠራ። ከዚያ ወደቀ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሁሉም ስለደበቀው ሁሉም ተረፈ። ብርቅ የሚሆነው ሰው ሳያስበው ያጠፋው ነገር ነው።

ከ1999 እስከ 2008 የሃምሳዎቹ ግዛቶች ሩብ ዶላሮች ሲወጡም ብዙ ቤተሰብ ለልጆቹ ብሎ በጥቅል አስቀመጠ። የተመቱት በድምሩ ከ34 ቢሊዮን በላይ ናቸው። ዛሬ አብዛኛው ጥቅል ከተጻፈበት ዋጋ ብዙም አይርቅም።

አሁን ደግሞ አሜሪካ በ2025 ለግብይት የሚውለውን ባለ አንድ ሳንቲም መምታት አቁማለች። "የመጨረሻው ዓመት ጥቅል" የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ የ1950ውን ታሪክ ያስታውሱ።

የአገራችን ሳንቲም ጥቅልስ?

ለአገራችን ሳንቲም ልቤ ይሳሳል፤ እንደ ባዕድ ሳንቲም ተስፋ አላስቆርጥም። ቢሆንም ሁለት ወጥመድ አለ።

አንደኛው ዓመተ ምሕረቱ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸውና ፲፱፻፴፮ የሚል የተጻፈባቸው ሳንቲሞች ለብዙ ዓመታት በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲመቱ ኖረዋል። "ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያልተፈታ" የሚልዎ ሻጭ ከሳንቲሙ ላይ ያነበበውን ብቻ ነው የሚነግርዎ። ዓመተ ምሕረቱ ሳንቲሙ መቼ እንደተመታ አይናገርም፤ መቼ እንደተጠቀለለማ ጭራሽ።

ሁለተኛው ስሙኒው ነው። የ1936ቱ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበር። ከብር ከተሠራው ሽልንግ (ሃምሳ ሳንቲም) ጋር በመጠን ስለሚቀራረብ ሰው እየተምታታበት ቀረና ጠርዙ እንደ ማዕበል በሆነው ተተካ። ክቡ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። በፌስታል ታስሮ የሚመጣ የስሙኒ ቋጠሮ ላይ አንድ ክብ ከላይ ጉብ ብሎ ካዩ፣ ከላይ ስለ ጫፉ ሳንቲም የነገርኩዎትን ያስቡ።

የአንበሳ ራስ ያለባቸውን የ፲፱፻፷፱ (1969 ዓ.ም.) ሳንቲሞች ለሚሰበስብ ሰው ግን ዝርዝሩን ማየት ደስታ ነው። የአንበሳው ራስ አነስ ብሎና ገዘፍ ብሎ የተቀረጸ ሁለት ዓይነት አለ፤ የአገጩም ፀጉር ይለያያል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ከተመቱት ውስጥ ደግሞ ማግኔት የሚስባቸው አሉ፤ ውስጣቸው ብረት ነው። ይህን ሁሉ ከአንድ እፍኝ ዝርዝር ላይ ማየት ይቻላል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለምጽዋት ዝርዝር የሚሸጡ ሰዎች ጋ ሄደው ቢመነዝሩ፣ ከማንኛውም የታሸገ ጥቅል የበለጠ ይማራሉ።

ጠገራ ብር በከረጢት ተሰፍቶ ቢመጣልኝ ልግዛ?

ሳይፈታ አይግዙ። ጠገራ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ካረፉ በኋላ በዚያው 1780 በሚል ዓመት በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ቦታዎች ሲመታ ኖሯል፤ ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። ስለዚህ 1780 ማለቱ ብቻውን ዋጋ አይጨምርም።

አንድ በአንድ ሲያዩት ግን ይናገራል። ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ፣ ብሩ ከሺህ 833 እጅ ነው። ጠርዙ ላይ "በፍትሕና በምሕረት" የሚል የላቲን ጽሑፍ ከፍ ብሎ ይነበባል። በአፈር ወይም በአሸዋ ቅርጽ የተፈሰሰ ሐሰተኛ ይህ ጽሑፍ ይሟሟበታል ወይም ጭራሹን አይኖረውም። አባቶቻችንም እንዲሁ አያምኑም ነበር፤ የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁዎች ቆጥረው ነበር የሚቀበሉት። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ያስመቱት ብርም እንደዚሁ በእጅ ተይዞ የሚታይ እንጂ በከረጢት የሚገዛ አይደለም። ከጥርጣሬ ከገቡ አንጥረኛ ያማክሩ፤ ብርን እንደ አንጥረኛ የሚያውቅ የለም። ግን እንዳይሞርደው አስቀድመው ይንገሩት።

ከመሬት የወጣ የአክሱም ሳንቲም ነው ብለው ቢያመጡልኝስ?

ይህን አይንኩ። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ፣ ከእንዱቢስ ዘመን አንሥቶ፣ በስማቸው ሳንቲም ያስመቱ ነበር፤ ኢዛና በሳንቲሙ ላይ መስቀል ያስቀረጸ ንጉሥ ነው። ከእነዚህ አንዱ እውነተኛ ከሆነ ቅርስ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተገኘ ቅርስ እንዲነገርና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ያዛል። ሐሰተኛ ከሆነ ገንዘብዎ ሄደ፤ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ የአገር ታሪክ ከቦታው ተነቀለ። ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ማሳወቅ ነው።

የጣና እርጥበት ጥቅሉን ይጎዳዋል?

አዎ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ልብስ እንኳ ሳጥን ውስጥ ይሸትታል። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ የጠጣውን ሳንቲሙ ላይ ያሳርፋል። መዳቡ ይጠቁራል፤ ዚንኩ ነጭ እድፍ ያወጣና ይበላል። ከመሐል አንዱ ሲበላ ጎረቤቶቹን ይዞ ይሄዳል። ታሽጎ ስለሆነ የሚያዩት ከዓመታት በኋላ ነው። ለስላሳ የሚሸት ላስቲክም መጥፎ ነው፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይለቅበታል።

ፈትተው ለየብቻ በጠንካራ፣ ሽታ በሌለው ማስቀመጫ ያድርጉት። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት አይጣሉ፤ ሳጥኑ ውስጥ ያኑሩት። በሎሚ፣ በአመድ ወይም በብረት ማጽጃ አይወልውሉ። የተወለወለ ሳንቲም ለሰብሳቢ ግማሽ ዋጋውን አጥቷል።

በቴሌግራም ልገዛ ነው። እንዴት ልጠንቀቅ?

በቴሌብር ወይም በባንክ አስቀድመው ሙሉውን አይላኩ። ከተማ ውስጥ ያለ ሻጭ ከሆነ ቡና ቤት ተገናኝተው አብራችሁ ክፈቱት፤ ለመክፈቱ ትንሽ ይክፈሉት፣ ከዚያ የፈለጉትን ፍሬ በየዋጋው ይግዙ። እኔ አሁን የምገዛው በዚህ ብቻ ነው። ሁለት ሻጮች ተስማምተውልኛል፤ ከእነሱም ጋር ዛሬ ድረስ እንገበያያለን። እምቢ ያሉትም አሉ፤ እነሱን አላስጨነቅኋቸውም፣ አልገዛሁምም። ሻጩ ሩቅ ከሆነ ሳይቆረጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተቀረጸ እንዲከፍተው ይጠይቁ።

ገዝቻለሁ፤ ገና አልከፈትኩትም። ልክፈተው?

ይክፈቱት። በመጀመሪያ ሁለቱን ጫፎችና ወረቀቱን ፎቶ ያንሱ፤ በወርቅ ቤት ሚዛን ያስመዝኑና ይጻፉት። ጠረጴዛ ላይ ነጠላ ወይም ለስላሳ ጨርቅ ያንጥፉ። ጫፉን በቢላ አይሰንጥቁ፤ ሳንቲሙን ይቧጭራል፤ ወረቀቱን ቀስ ብለው በጣት ይፍቱት። እንደተደረደሩበት ቅደም ተከተል ሳይቀላቅሉ ጠርዝ ጠርዛቸውን እየያዙ ያውጡ፤ ይቁጠሩ። ከቁጥሩ ጎድሎ፣ ወይም በሳንቲም ፈንታ ሮንዴላ ገብቶ ከተገኘ በያዙት ፎቶና ክብደት ሻጩን ያነጋግሩ። ዓመቱንና የተመታበትን ቦታ ምልክት በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ይመዝግቡ። ካልገባዎት ፍሬ ጋር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ቡና ስንጠጣ ይምጡ፤ አብረን እናየዋለን።